ሳቅ የሚመደብበት ፎቅ

ቁማር በገንዘብ መሆኑ ከቀረ ወዲህ ምድር ቤት የምንመድበው ጣዕም ነበር፤ የተበላ ሰው ሎሚ ቢልስ ውሃ ነው። እዚያ ሁሉም «ትዋሻለህ፣ ግለጥ!» ስለሚል በባዶ ካርታ ማስፈራራት አያዋጣም። እኔ ደህና ካርታ እስኪመጣልኝ ጠብቄ፣ የሎሚውን ዛፍ ቅርፊት ጣዕም ሳይቀር በላኋቸው።

ጠገብኩና ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። እዚያ የሚመደበው ሳቅ ነው። ደህና ካርታ ደረሰኝና፣ ፊት ለፊቴ ለተቀመጡት ለወይዘሮ እታፈራሁ የአንበሳ ጢም የላጨሁበትን ቀን አወራሁላቸው። ፊታቸው ንቅንቅ አላለም።

«ልጄ፣ ወሬ የምታበዛው ካርታህ ሲያምር ነው» ብለው ካርታቸውን ጣሉ።

በሚቀጥለው ዙር ባዶ ካርታ ይዤ ሆን ብዬ ወሬ አበዛሁና ሳቄን በሙሉ መደብኩ።

«ምክሬን ሰምተሃል ማለት ነው» አሉና አስገልጠውኝ ሳቄን ጠራርገው ወሰዱ።

ቤት ስገባ ልጄ ፌቨን እንደ ልማዷ ነጠላ ጫማዬን ደብቃ፣ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ ጠበቀችኝ።

«ጌታዬ፣ ጫማ ይገዛሉ?»

ከንፈሬን በጣቶቼ ወደ ጎን ለጠጥኩት። ትንሽ አየችኝ።

«አባዬ፣ ተቆጣህ አይደል?» አለችና ጫማውን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች።