የማይገጥም ቆጠራ

መዝያን ይህን ታሪክ ሲያወራ አስቀድሞ «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» ይላል። ሥራውን የጀመረው ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ዛሬም እርግጠኛ አይደለም። አበቦቹ ግን ሃያ ሦስት እንደነበሩ አይጠራጠርም፤ ሦስት ጊዜ ቆጥሯቸዋል።

ወደ ጁርጁራ ተራራ የተላከው በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ነበር። ደብዳቤውን ራሱ አላነበበውም፤ የሚሠራበት የደን ጽሕፈት ቤት አለቃ ነው በቃል የነገረው። ከመንደሩ በላይ ያለው ሜዳ ድንጋይ ለሚፈልጥ ድርጅት ሊሰጥ ነው፤ ሜዳው ላይ ግን ኦርኪድ የሚባል ብርቅ አበባ ይበቅላል። ሃያና ከዚያ በላይ ከተገኘ ሜዳው ይጠበቃል። ካነሰ ይፈለጣል፤ መንደሩም ሌላ የግጦሽ መሬት የለውም። መዝያን ብቻውን ሲላክ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የመንደሩ ሽማግሌ ዳ ሉኔስ ሜዳው ዳር ቀይ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች አሳዩት።

«ምልክታቸው ነው። ሐሙስ ማሽን ይዘው ይመጣሉ።»

እንግዳ የሚያርፍበትን ቤት የሚወስነው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ጉባኤው መዝያንን ባላቸው ከሞተባቸው ከናና ጁሄር ቤት መደበው። የግቢያቸው በር ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ሲገባ እጅጌውን ቀይ አደረገበት። ገመድና ችንካር የምትይዝለትንም ጉባኤው ራሱ መረጠለት፤ የናና ጁሄር ልጅ ታውስ። ታች ከተማ አስተማሪ ናት፤ ለፀደይ እረፍት መጥታ ነበር።

ማታ ኩስኩስ በባቄላ ቀረበ።

«እስቲ ይቺ አበባህ ምን ትሠራለች?» አሉ ናና ጁሄር።

«ታታልላለች» አለ መዝያን። «መሃሏ እንደ ሴት ተርብ ክንፍ ሰማያዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ዙሪያዋ ጠጉራም ነው። ሽታዋም የሴት ተርብ ሽታ ነው። ወንዱ ከሴቶቹ ቀድሞ ከመሬት ስለሚወጣ የሚያማርጠው የለም። ሴት አገኘሁ ብሎ ይሰፍርባታል፣ ይታገላል፣ ከዚያ...»

«ከዚያ ግንባሩ ላይ ሁለት ቢጫ የአበባ ብናኝ ጓል ተለጥፎበት ወደ ሌላዋ ይሄዳል» አለች ታውስ።

አስተማሪ ስለሆነች አንብባው ይሆናል ብሎ አሰበ።

«እሷስ ምን ትሰጠዋለች? ማር?» አሉ እናትየው።

«ምንም።»

«አዬ ሞኝ!» አሉ መዝያንን እያዩ።

«ተርቡን ነው እማ?» አለች ታውስ።

ናና ጁሄር ሳቃቸውን ዋጡ። «ቆጠራህ መቼ ያልቃል ልጄ?»

«ሁለት ቀን ተከታትሎ ቁጥሩ እኩል ሲሆን ቅጹ ይዘጋል።»

«ካልገጠመልህስ?»

«እስኪገጥም እቆጥራለሁ።»

ናና ጁሄር ኩስኩስ ጨመሩለት።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሦስት ሆኑ። በእያንዳንዷ አበባ አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት ችንካር ተከለ። በማግስቱ ሃያ አራት። ሃያ አራተኛዋ ችንካር አልነበራትም፤ ሥሯ ያለው አፈርም እርጥብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሃያ አምስት።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ሜዳቸው እንዳይሄድባቸው ከሌላ ቦታ እየነቀሉ የሚተክሉት የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

በአራተኛው ቀን ግን ቁጥሩ ወደ ሃያ አራት ወረደ። አንዱ ችንካር ያለ አበባ ቀርቶ ነበር። መዝያን ዳ ሉኔስ ዘንድ ሮጠ።

«የድርጅቱ ሰዎች ሌሊት መጥተው ነቅለዋል!»

«እነዚህ ምን ይሳናቸዋል» አሉ ሽማግሌው።

«ግን ሐሙስ ይመጣሉ ብለው አልነበር? ሐሙስ አለፈ እኮ።»

«የዚህን ሳምንት ሐሙስ ነው ያልኩህ እንዴ?»

በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሲቀድ መዝያን ከወይራ ዛፍ ጀርባ ተደበቀ። ብዙም አልቆየ፣ ናና ጁሄር ቅርጫትና መኮትኮቻ ይዘው ከች አሉ።

«ናና!»

«እንዴት አደርክ ልጄ።» ድንግጥ እንኳ አላሉም።

«ሃያ ይበቃል ብዬዎት አልነበረም? ከመጀመሪያውም ሃያ ሦስት ነበሩ እኮ!»

«የአሮጊት ጭንቅላት ምን ይይዛል ብለህ ነው።»

«አሁን ይህን ከጻፍኩ፣ ማጭበርበር አለ ብለው ሜዳውን ይሰጡባችኋል። ካልጻፍኩ ደግሞ ዋሸሁ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ቁርስህን ብላና አስብበት።»

መዝያን ስምንት ቀን አሰበበት። የሚያስበው ከታውስ ጋር ሜዳው ላይ ተቀምጦ ነው። አንድ ተርብ እየበረረ መጥቶ አበባ ላይ ሰፈረ፤ ግንባሩ ቢጫ ነበር።

«እየው፣ ዛሬ አንዴ የተሸወደ ነው» አለች ታውስ።

«አይማርም።»

«ቢማር እኛ አበባ ከየት እናገኝ ነበር?»

በመጨረሻ እውነቱን በዝርዝር ጻፈ፤ ሃያ ሦስቱ የሜዳው ናቸው፣ የቀሩት በሰው እጅ የመጡ። በዚያው ማታ ናና ጁሄርን አበባን የማይመለከት አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው። እሺ አሉት። በማግስቱና በማግስቱ ማግስት ቆጠራው ገጠመ።

ሜዳው ተጠበቀ። የዋናው ቢሮ ሰዎች የመዝያንን ሐቀኝነት አመሰገኑ። መንደሩ በግ አረደ፤ ዳ ሉኔስም «አሸነፍናቸው!» እያሉ ሲጨፍሩ አመሹ። ድርጅቱ በየትኛውም ሐሙስ አልመጣም።

ከስድስት ዓመት በኋላ መዝያን መዝገብ ቤት ገብቶ አረጋገጠ፤ ያንን ሜዳ ልፍለጥ ብሎ ያመለከተ ድርጅት ኖሮ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ያላነበበው ደብዳቤ፣ ከሚስቱ ከታውስ ፊርማ በላይ ያለው የመጨረሻ መስመሩም «ባለፈው መከር ትምህርት ቤታችን መጥቶ ስለ ተርቡ ያስተማረን፣ መዝያን የሚባለው ልጅ፣ እሱው ይላክልን» ይላል።