የሲስተር ታቢታ ቀይ እስክሪብቶ

ሄራን የድንገተኛ ክፍል ነርስ ከሆነች ገና ሳምንቷ ነው። ከባጃጅ ወድቆ የመጣውን የሱሌይማንን እግር በፋሻ አስራ ደሙን አቆመችና ካርዱ ላይ ጻፈችው። አለቃዋ ሲስተር ታቢታ ካርዱን ነጠቋት።

«ሰዓቱስ? የመናኸሪያ ትኬት ቆራጭ እንኳ ሰዓት ይጽፋል።»

«አሁን እጽፈዋለሁ፣ ሲስተር።»

«በትክክል ያልተጻፈ አልተሠራም» ብለው መስመሩን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት።

ሱሌይማን አቃሰተ። ሄራን ዞር ስትል እግሩ ላይ ፋሻ የለም፤ ደሙ አንሶላውን አርሶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ከመጣሁ ጀምሮ የነካኝ ሰው የለም እኮ፣ እህቴ» አላት።

ሄራን ካርዱን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ሲስተር ታቢታ አልሰጧትም፤ እስክሪብቶውን ወደሚቀጥለው መስመር አወረዱ።

«‹በደንብ ይተነፍሳል› ብለሻል» አሉ። «የዚህስ ሰዓቱ የታለ?»