የጫካዋ ሳቢሳ

ሰውየው ቀኑን ሙሉ ስለ አንዲት ወፍ ሲያነብ ውሎ ጉሮሮው ደርቋል። እንጀራው የእንስሳት ፊልሞችን በአማርኛ መተረክ ነው። የዛሬዋ በእስያ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ የምትኖር ቡናማ ሳቢሳ ነበረች፤ ብቻዋን በጅረት ዳር እየዋለች፣ መሸት ሲል የምድር ትል የምትለቅም።

«ኮቴ ስትሰማ አትበርም» ብሎ አነበበ፣ ድካም በተጫነው ድምፅ። «አንገቷን ወደ ላይ መዝዛ፣ ምንቃሯን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ አደጋው እስኪያልፍ እንደ ደረቅ ግንድ ቀጥ ብላ ትቆማለች።»

ድምፁን የሚቀዳው ናሆም ማዳመጫውን አወለቀ። «ጋሼ፣ ይቺ ወፍ የእኔን ልጆች ጫጫታ አትችለውም።»

«እኔ ቤት ትምጣ» አለው። «እኔ ከገባሁ ኮሽ አይልም። ልጆቼን በሥርዓት ነው ያሳደግኳቸው።»

አመሻሹ ላይ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እግሩን እየጎተተ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ከውስጥ የሴትና የልጆች ሳቅ ሰማ። ፎቅ የተሳሳተ መስሎት የበሩን ቁጥር ቀና ብሎ አየ። የራሱ ቤት ነው።

ቁልፉን ሲከት ሳቁ ቀጥ አለ።

ሚስቱ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራለች። ትልቁ ልጅ ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል። ትንሿ መሸሸጊያ አጥታ ኮሪደሩ ላይ ቀርታለች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ፣ አገጯን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጋ።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

በአጠገቧ እስኪያልፍ ድረስ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።