አራቱ ጎማዎች

ጠጥቶ ሲነዳ ከግንብ ጋር ተላትሞ መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ከታገደ ሳምንት አልሞላውም። ያን ዕለት አጠገቡ የተቀመጠችው ልጁ የግንባሯ ስፌት ገና አልተፈታም። እሱ ግን «ነገ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔው ነኝ» ብሎ ተኛ።

ጠዋት ሲወጣ የመኪናው አራቱም ጎማ ተቀድዶ ጠበቀው። ብዙ አላሰበም፤ ለትራፊክ ፖሊስ የመሰከሩበትን ጎረቤቱን ጋሽ ምትኩን ከበራቸው ጎትቶ አወጣቸው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ቀደድክብኝ አይደል?»

«የመሰከርኩት ያየሁትን ነው። ጎማህን አልነካሁም፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ» ብሎ በቦክስ አፋቸውን መታቸው። ሁለት ጥርሳቸው ከደማቸው ጋር መሬት ወደቀ። ሰው ነው የገላገላቸው።

ለምሳ ጥሬ ሥጋ አስመዝኖ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሚጥሚጣና ቢላዋ አቀረበችለት።

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ጎማዬን የቀደደውን ሽማግሌ ሥርዓት አስያዝኩት።»

ሥጋውን በጥርሱ ይዞ ከከንፈሩ ሥር ሲቆርጠው ጎማ ጎማ ሸተተው። ቢላዋውን ገልብጦ አየው፤ እጀታው ሥር ጥቁር ፍርፋሪ ተጣብቋል። ቀና ሲል ሚስቱ ልጅቷን ከኋላዋ ሸሽጋ ቆማለች።

«ብላ እንጂ» አለችው። «ቢላዋው እንደሆነ ደህና ይቆርጣል።»