የተደፋው ኩባያ

እርሻችንን በጋራ እያረስን፣ ከአንድ ድስት እየበላን አርባ ዓመት ኖረናል። በስብሰባችን የተቃወመ ሰው ኩባያውን በአፉ ይደፋል፤ አንድ ኩባያ ከተደፋ ነገሩ ቀረ ማለት ነው።

አባቴ መንገድ ይሠራልን የሚል ነገር በተነሣ ቁጥር ይደፋ ነበር። እህቴ ምጥ ጠንቶባት ወደ ሐኪም ቤት በቃሬዛ ስንወስዳት ጭቃው መሀል እጃችን ላይ ሞተች። በቀብሯ ማግስት ስለ መንገዱ ተሰበሰብን። ደፋ።

ባለፈው ሳምንት እሱም ሞተ። ጆሮው የተሰበረውን ኩባያውን "እንካ አባዬ፣ እዚያው ድፋው" ብዬ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ስለ መንገዱ እንደገና ተሰበሰብን። ሻዩን ጠጥተን ስንጨርስ ሰብሳቢያችን፣ ሽማግሌው አናጢ፣ "የሚቃወም አለ?" አሉ። ሁሉም ኩባያውን ሳይደፋ እንደያዘ ነው። እፎይ ልል ስል አጠገቤ የተቀመጠችው አክስቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

በአባቴ ቦታ ጆሮው የተሰበረ ኩባያ ተደፍቷል። ብድግ ሳደርገው ከሥሩ እርጥብ አፈር ተዘረገፈ።

"ጋሼ፣ ሣጥኑን በእጅዎ የቸነከሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አልኳቸው።

አናጢው አፈሩን አዩት፤ እኔን ግን ሊያዩኝ አልደፈሩም።

"አንድ ተቃውሞ አለ" አሉ። "መንገዱ ቀርቷል።"

ሁሉም ኩባያውን ሊያጥብ ተነሣ።