የካፒቴኑ ጉርሻ

ዓሣ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልሎ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ዘረጋላት። የቢሮ ባልደረባው ግን አፏን አልከፈተችም። ጣና ዳር ምሳ የጋበዛት ስለ ጻፈው የጠፈር ልቦለድ ምን እንደምትል ሊሰማ ነበር።

«ጨረስሁት» አለችው። «ካፒቴኑ ግን አጥፍቷል።»

«ምን አጠፋ? ስለሚወዳት አጎረሳት እንጂ!»

«መሐንዲሷ ሁለት እጇን ሞተሩ ውስጥ ከታ እየጠገነች፣ መንኮራኩሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያያት አይደል ያጎረሳት? እምቢ ብትል ኮራች ሊሏት ነው። ጎረሰችና ዝም አለች፤ አንተ ደግሞ ወደደችው ብለህ ጻፍህ።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ቢሮ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኛው እያየ ስንት ጊዜ እንዳጎረሳት ትዝ አለው። ሁልጊዜ ፈገግ ትል ነበር፤ ሁልጊዜም ከጎረሰች በኋላ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ትስብ ነበር። እሱ ዓይን አፋርነት መስሎት ደስ ይለው ነበር።

እጁን ወደ ራሱ መለሰ። ከዚያም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቃት።

«ላጉርስሽ?»

ትክ ብላ አየችው።

«አይ፣ አልፈልግም።»

«እሺ» አለና ራሱ ጎረሰው።

ያን ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ወንበሯን ወደ ገበታው አስጠጋችና ከዓሣው ትልቁን ቆርሳ በገዛ እጇ ጎረሰች።