መጀመሪያ ይነዳ

ሁዜይፋ ከሳዑዲ ከተመለሰ ስድስተኛ ወሩ ነው። አጎቱ ሲሞቱ የተዉለት አሮጌ ላንድሮቨር መካነ ሰላም ካለው ግቢው ውስጥ ቆሟል። በሮቹ ተነቅለው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ወንበሮቹ ጓዳ ገብተዋል። ሚስቱ ኡምኩልሱም ጠዋት ጠዋት ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላል።

እናቷ ከከላላ ወዲያ፣ ገጠር ናቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ከተጎዳ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም። ሚኒባስ ያንን መንገድ አይደፍረውም። ላንድሮቨሩ ግን ይደፍረዋል።

«መጀመሪያ ይነዳ» ትላለች። «እናቴን ሆስፒታል ያድርስልኝ፤ ከዚያ ብትፈልግ በወርቅ ለብጠው!»

«መኪና እንዲህ አይደለም» ይላል ሁዜይፋ። «ከተሠራ ሙሉ በሙሉ ነው። ቦዲው ይቀባ፣ ወንበሩ ይሰፋ፣ የመብራት መስመሩ ይቀየር። ከዚያ ኢንሻአላህ እንነዳዋለን።»

ማን ይከራከረዋል? አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ በደወለች ቁጥር «እየነዳሁ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ሲላት ኖሯል። ነጭ ፒክአፕ ተደግፎ የተነሳው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። ጎረቤቱም «ሹፌሩ» ነው የሚለው።

አንድ ቀን መካኒኩን ጋሹን ይዛ መጣች። ጋሹ ከመኪናው ሥር ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው። ፍሬኑን ላስተካክልልህና ንዳው። የጎደለውን የምታውቀው ስትነዳው ነው።»

የሁዜይፋ ፊት ጠቆረ። «ጠየቅሁህ?»

«ካልተመቸህ እኔው ነድቼ ሴትዮዋን ላምጣቸው።»

«በእኔ መኪና ሌላ ሰው መሪ አይጨብጥም!»

ያኔ ገባት። ነገሩ የመኪና አይደለም። ሊያገባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ እናቷ «ሙያ ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ነበር። በሰው ፊት ነው ያሉት። እሱም አልረሳውም።

«እናቴን ቂም ይዘህባታል!» አለችው። «እዚያው እንደወደቀች ትቅር ነው የምትለው!»

ሁዜይፋ በማግስቱ ራዲያተሩን ነቀለ።

በሳምንቱ ወንድሟ ከገጠር ደወለ፤ እናቷ እህል መቅመስ ትተዋል። ሁዜይፋ አቀስታ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ኡምኩልሱም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ በቀጥታ ጋሹ ዘንድ ሄደች። ጋሹ ሁለት ቀን ሙሉ ሠራ። ራዲያተሩ ገባ፣ ፍሬኑ ተስተካከለ፣ በሮቹና የፊት ወንበሮቹ ተገጠሙ። ከኋላ ፍራሽ ተነጠፈ።

አርብ ከሰዓት ሁዜይፋ ሲመለስ ላንድሮቨሩ በር ላይ ቆሞ ሞተሩ ያጓራል። ጎረቤቱ ወጥቶ ከቦታል።

«ግባ» አለችው። «ወይ አሁኑኑ ሄደህ እናቴን አምጣልኝ፣ ወይ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ‹እናትሽን አልወድም› በል።»

ሁዜይፋ ሰዎቹን ዞር ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ገባ። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። አንዱ «አይዞህ ሹፌሩ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ አጨበጨቡ።

መኪናው አልተንቀሳቀሰም።

ኡምኩልሱም በወዲያኛው በር ገብታ በሩን አላተመችው። «በላ! ተናገር! ስለምትጠላት ነው አይደል?»

ሁዜይፋ ቁልቁል እግሮቹን ያያል። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል።

«ወላሂ አልጠላኋቸውም» አለ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አስራ አንድ ዓመት የነዳሁት ግመል ነው።»